ስብሰባው የሚቆራረጠው በካሜራው አይደለም

ጥያቄ፦ «ማሾና ሌላ ጥራጥሬ ከገበሬ ሰብስበን የምናቀርብ ድርጅት ነን። ዋና ቢሮአችን ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ፣ ወልድያና አዲስ አበባ ቅርንጫፍ አለን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በዙም እንሰበሰባለን። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ስታክ ያደርጋል፣ ግማሹ ሰዓት ‹ይሰማል? ይሰማል?› ሲባባሉ ያልቃል። አሁን አንድ ነጋዴ ለአራቱም ቢሮ የሚሆን ያገለገለ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ዕቃ አምጥቶልናል። ካሜራ፣ ማይክና ኮዴክ የሚሉት ሳጥን አለው። ‹ድሮ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ነው፤ የራሱ ሲስተም ስለሆነ እንደ ዙም ኢንተርኔት ላይ አይንጠለጠልም› ይለናል። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ኢንተርኔቱን ከ10 ሜጋ ወደ 50 እናሳድግ ባይ ነው። የትኛውን እናድርግ?» (ከኮምቦልቻ)

ሳጥኑን አትግዙ። 50 ሜጋውም ለጊዜው ይቆይ። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ያው «ይሰማል?» ይቀጥላል።

መጀመሪያ የነጋዴውን ወሬ እናጥራ። ሳጥኑ ኢንተርኔት ላይ አይንጠለጠልም ያላችሁ ስህተት ነው። ቢሮአችሁ ሲገባ የሚሰካው እዚያው ራውተር ላይ ነው። ምስሉም ድምፁም የሚሄደው ዙም በሚሄድበት መስመር ነው። ሌላ መንገድ የለውም። ግን ወሬው እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እነዚያ መሥሪያ ቤቶች ዕቃው በእርግጥ ጥሩ ይሠራላቸው ነበር። የሠራላቸው ከጀርባው ለብቻቸው የተከራዩት መስመር ስለነበር ነው። በእኛ አካባቢ ብዙው ሰው ቪዲዮ ኮንፈረንስን ያወቀው በወረዳኔት ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ከክልልና ከፌደራል ጋር ይሰበሰቡ ነበር። ያም የመንግሥት የብቻው ኔትወርክ እንጂ ከጎረቤት ካፌ ጋር የሚሻሙት መስመር አልነበረም። እሱም ቢሆን እንከን ነበረው። ሩቅ የነበሩት ወረዳዎች በሳተላይት ነበር የሚገናኙት። ሳተላይቱ ያለው ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ጠይቆ መልስ እስኪሰሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያልፋል። ሁለት ሰው እኩል መናገር ጀምሮ እኩል ዝም የሚለው ለዚህ ነበር።

ሳጥኑ ለምን እንደተፈጠረ ካወቃችሁ ለምን እንደማያስፈልጋችሁም ግልጽ ይሆናል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በ1964 ፒክቸርፎን የሚባል የምስል ስልክ በኒው ዮርኩ የዓለም ትርኢት ላይ አሳየ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ዋሽንግተን ላይ የሕዝብ መደወያ ክፍሎች ከፈተ። የሦስት ደቂቃ ጥሪ ከ16 እስከ 27 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ1970 ደግሞ ፒትስበርግ ከተማ ለሚገኙ ቢሮዎች በወር 160 ዶላር ያከራይ ጀመር። ከሰረ። «ሰው በስልክ ሲያወራ ፊቱን ማሳየት ስለማይፈልግ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ብዙም አልቀበለውም። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን የምትደውሉለት ሰው ያንኑ ዕቃ ካልገዛ የእናንተ ዕቃ ጌጥ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ቀጣዩ ችግር የመስመር ነበር። ያልተጨመቀ ቪዲዮ ጉድ የሚያሰኝ መጠን አለው። ዛሬ ዙም ላይ እንደምታዩት ያለ ጥሩ ምስል፣ ማለትም 1280 በ720 ነጥብ በሰከንድ 30 ጊዜ፣ ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ ከ300 ሜጋቢት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት የሚጨምቅ፣ ሲደርስ የሚፈታ ማሽን ያስፈልጋል። ኮዴክ የሚባለው ሳጥን ይኸው ነው። በ1980ዎቹ ተራ ኮምፒውተር ይህን ሥራ አይችለውም ነበር። በ1982 ኮምፕሬሽን ላብስ የተባለ ኩባንያ የሸጠው ሲስተም ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ መስመሩም በሰዓት 1000 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ1986 ፒክቸርቴል የተባለ ሌላ ኩባንያ ዋጋውን ወደ 80 ሺህ፣ የመስመሩን ኪራይም በሰዓት ወደ 100 ዶላር አወረደው። ዲጂታል የስልክ መስመርን በ64 ኪሎቢት ቁራጭ እያጣመሩ የሚልኩበት ደረጃም ወጣ። የተለያዩ ኩባንያዎች ሳጥኖች እርስ በርስ መነጋገር የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1996 ደግሞ ይኸው ነገር በኢንተርኔት መስመር ላይ የሚሠራበት ደረጃ መጣ። ነጋዴው ያመጣላችሁ ሳጥን ከዚህ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም። ሞዴሉን ስላልጻፋችሁልኝ ከዚህ በላይ አልሄድም።

የሳጥኑ ዘመን ጫፉ ላይ የደረሰው በ2006 ነው። ሲስኮ ሦስት ትልልቅ ስክሪን ያለው፣ ሰውን በቁመናው ልክ የሚያሳይ የስብሰባ ክፍል ወደ 300 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ አወጣ። የሚገርመው ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ስካይፕ የቪዲዮ ጥሪን በነፃ ሰጥቷል። ጥራታቸው አይወዳደርም ነበር፣ ግን አሸናፊው የቱ እንደሆነ አሁን እናውቃለን። የተራ ላፕቶፕ አእምሮ የሳጥኑን ሥራ ሁሉ መሥራት ቻለ። ከ2011 ወዲህ ብሮውዘሩ ራሱ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ቪዲዮ የሚያገናኝበት ቴክኖሎጂ መጣ። ዙም በ2013 አገልግሎት ጀመረ። በኮሮና ጊዜ በዙም በቀን የሚቆጠረው የስብሰባ ተሳታፊ በ2019 መጨረሻ ከነበረበት 10 ሚሊዮን ገደማ በ2020 ሚያዝያ ወደ 300 ሚሊዮን ዘለለ። ፒክቸርቴልን በ2001 ፖሊኮም ገዛው፣ ፖሊኮምን በ2018 ፕላንትሮኒክስ፣ እሱን ደግሞ በ2022 ኤችፒ። ያገለገለ ሳጥን ስትገዙ ሶፍትዌሩን የሚያድስላችሁ፣ መለዋወጫ የሚልክላችሁ ማን እንደሆነ እንኳ ማግኘት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ለእናንተ ዋናው ጉዳይ ግን የአራት ቢሮ ስብሰባ እንዴት እንደሚገናኝ ነው። በሳጥኑ አሠራር አንዱ ቢሮ፣ በእናንተ ኮምቦልቻ፣ መሃል ሆኖ ሁሉንም ያገናኛል። ደሴን፣ ወልድያንና አዲስ አበባን ተቀብሎ ምስላቸውን ደባልቆ ለሦስቱም ይልካል። ይህ ማለት የኮምቦልቻው መስመር የሦስት ሰው ጭነት ብቻውን ይሸከማል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚከፈል የተለየ ፈቃድም አለው፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይኑር አይኑር መጠየቅ አለባችሁ። በዙምና በመሰሎቹ ግን እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ምስል ወደ አገልጋዩ (ሰርቨር ወደሚሉት የኩባንያው ኮምፒውተር) ይልካል። ምስሉ በትልቅም በትንሽም ጥራት ስለሚዘጋጅ አገልጋዩ ለየቢሮው በአቅሙ ያድላል። የወልድያ መስመር ቢደክም ወልድያ ትንሹን ምስል ታያለች እንጂ አዲስ አበባን ይዛ አትወድቅም። አዲሱ አሠራር ከአሮጌው የሚበልጠው በዋጋ ብቻ አይደለም፤ ደካማ መስመር ላለው አገር ከመሠረቱ የተሻለ ንድፍ ነው።

ሳጥኑ ሌላም ጣጣ አለው። ከውጭ ጥሪ እንዲቀበል ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ ይፈልጋል፣ ራውተሩ ላይም በር ይከፈትለታል። የተከፈተ በር ካለ ደግሞ የሚያንኳኳ አይጠፋም። ሌሊት ማንም ሳይደውል የሚጮህ ሳጥን የተለመደ ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ናቸው የሚደውሉት። ሶፍትዌሩ የማይታደስ ዕቃ እንዲህ ተጋልጦ ሲቀመጥ ለመላው የቢሮ ኔትወርክ አደጋ ነው። ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ነጥብም እዚህ ይመጣል። ውጭ አገር ያለው ገዢያችሁ በዙም ወይም በጉግል ሚት ሊንክ ይልክላችኋል እንጂ እንዲህ ያለ ሳጥን ዛሬ ቢሮው አያስቀምጥም።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ 50 ሜጋ። ዙም ለቡድን ስብሰባ በተራ ጥራት የሚጠይቀው በዳውንሎድም በአፕሎድም ከ1 ሜጋቢት ገደማ አይበልጥም። ድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል። 10 ሜጋ እውነትም 10 ሜጋ ከሆነ ይተርፋችኋል። የእናንተ ችግር የስፋት ሳይሆን የመዋዠቅ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ያለውን አስፋልት በእጥፍ ብታሰፉት፣ ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የተያዘ ሚኒባስ ቀድሞ ደሴ አይገባም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ድምፅና ምስል በትናንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። ፋይል ስታወርዱ አንድ ጥቅል ቢጠፋ ኮምፒውተሩ እንደገና ያስልካል፤ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይም ማንም አያውቅ። ስብሰባ ላይ ግን ዘግይቶ የመጣ ድምፅ እንዳልመጣ ነው። ንግግር ሳይረበሽ እንዲሄድ ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው ጊዜ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ነው። የምስሉ ደግሞ ይብሳል። የመጭመቂያው ጥበብ አንድ ሙሉ ምስል ልኮ፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ማስከተል ነው። አንዱ ለውጥ መንገድ ላይ ከጠፋ ተከታዮቹ የሚለጠፉበት ያጣሉ። ፊታችሁ ተቦጫጭቆ ቆይቶ ድንገት የሚስተካከለው አዲስ ሙሉ ምስል ሲደርስ ነው። ከዚህ አንድ ነፃ ምክር ይወጣል። ስልክ በእጅ ይዛችሁ አትሰብሰቡ፣ ሰው የሚያልፍበት በር ከኋላችሁ አይሁን፣ የፊታችሁ ብርሃን በቂ ይሁን። የማይነቃነቅ ምስል ትንሽ መስመር ነው የሚበላው።

መዋዠቁ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት የሰኞን ጠዋት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። መስመሩ የሚጨናነቀው በሥራ ሰዓት ስለሆነ ማታ የተለካ ፍጥነት አይረባችሁም። ኮምፒውተሩ ላይ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ራውተር ስደዱ፣ ስብሰባው እየተካሄደ ለደቂቃዎች ይሂድ። ትእዛዙ መልስ ይዞ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይነግራችኋል። ቁጥሩ አንዴ 2፣ አንዴ 300 ሚሊ ሰከንድ እያለ ከዘለለ ችግሩ ከቴሌም ከዙምም አይደለም፤ ቢሮአችሁ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው። ራውተሩ ጥበቃ ክፍል፣ ስብሰባው ሁለት ግድግዳ አልፎ የሚደረግበት ቢሮ ስንቱን አይቻለሁ። መፍትሔው የላን ኬብል ነው። ርካሽ ነው፣ አይዋዥቅም። ከራውተሩ ጋር ሰላም ሆኖ ወደ ውጭ ሲሄድ ከዋዠቀ ደግሞ መስመሩን የሚበላ ነገር እቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመጋዘኑ ካሜራ ነው። ባለቤቱ ከስልኩ ሆኖ መጋዘኑን እንዲያይ የተገጠሙት ካሜራዎች ቀኑን ሙሉ አፕሎዱን ይዘውት ይውላሉ። ብዙ ሰው ፍጥነት ሲለካ ዳውንሎዱን አይቶ ይረካል፤ የእናንተ ድምፅ የሚወጣው ግን በአፕሎዱ ነው። ከዚያ የዊንዶውስ ማደሻ፣ ከዚያ ዋይፋይ ላይ የተሰቀለው የሠራተኛው ሁሉ ቴሌግራም። በስብሰባው ሰዓት ካሜራዎቹን ገደብ አድርጉባቸው፣ ለስልኮች የተለየ ዋይፋይ ስጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከውጭ ያለው መስመር ራሱ ጥቅል የሚጥል ከሆነ፣ የለካችሁትን ይዛችሁ አገልግሎት ሰጪያችሁ ዘንድ ሂዱ። «ኔትወርክ አስቸገረን» ከሚል አቤቱታ በሰዓትና በቁጥር የተጻፈ መዝገብ ቶሎ ይሰማል።

ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ድምፅ ላይ አውጡት። ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ከቀጠለ ስብሰባው ይቀጥላል፤ ምስሉ እንደ መስተዋት ጠርቶ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ስብሰባ የለም። ለየቢሮው ጠረጴዛ መሃል የሚቀመጥ አንድ ስፒከርፎን ግዙ። የራሱን ድምፅ ከማይኩ የሚያጣራ ስለሆነ ማሚቶ አይመልስም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ላፕቶፕ ማይክ ከፍቶ መቀመጥ ክልክል ይሁን፤ ያ የሚያፏጨው ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ድምፅን ያስተጋባዋል፣ ስለዚህ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ከየትኛውም ካሜራ ይበልጣል። ደሴ ያለው ቢሮአችሁ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡን የሚችል ማይክ የለም። ኮርኒስ ያለው ክፍል ፈልጉ፣ ወይም ያን ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ተሰብሰቡ።

መብራቱን አትርሱ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ጀነሬተር ቢኖራችሁም እስኪነሳ ያው ነው። ለራውተሩና ለፋይበሩ ሳጥን ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በገበያ አለ። ዴስክቶፕ ያለበት ቢሮ ትልቁን ይግዛ።

የወልድያው ቅርንጫፍ በሞባይል ዳታ የሚገባ ከሆነ ሒሳቡን እወቁት። የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ 700 ሜጋባይት አካባቢ ይበላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም። ሪፖርት እስኪያቀርብ ቪዲዮውን ይዝጋ፣ ነውር የለውም። የዙም ነፃው አገልግሎት 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣችኋል፣ የጉግል ሚት ነፃው ለቡድን 60 ደቂቃ ይሰጣል። አራት ቢሮ በ60 ደቂቃ ያልጨረሰው አጀንዳ የቴክኖሎጂ ችግር አይደለም። የሚከፈልበትን ከፈለጋችሁ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ወደፊት ደግሞ ጂትሲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አገር ውስጥ ባለ አገልጋይ ላይ ማስጫን ይቻላል። የታወቁት መተግበሪያዎች አገልጋዮች በአብዛኛው ከአገር ውጭ ስለሆኑ የኮምቦልቻ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ነው ደሴ የሚመለሰው፤ ያ ጉዞ ይቀርላችኋል። የሚተክልና የሚጠብቅ የአይቲ ሰው ግን ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀ ጎበዝ ልጅ አታጡም። ያ ሰው ከሌለ አትነካኩት።

እኔ ከነገርኳችሁ ውስጥ የተቆረጠ ፋይበርን ወይም የተዘጋ ዳታን የሚያስተካክል የለም። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት የተዘጋበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ለዚያ ዓይነቱ ቀን ተራ የስልክ ጥሪ አለ። ስልካችሁ ላይ ጥቂት ሰዎችን ባንድ ጥሪ ማገናኘት ይቻላል። አራቱ ኃላፊዎች አሠራሩን አሁን ይለማመዱት፤ በሁለተኛ ኦፕሬተር ሲም ካርድ ቢይዙም አይከፋም።

አንድ ያልጠየቃችሁኝን ልጨምር፣ ማሾ ስለምትሸጡ። ለገዢ ናሙናውን በቪዲዮ እያሳያችሁ ዋጋ አትደራደሩ። የቪዲዮ መጭመቂያ ብርሃንን ይጠብቃል፣ ቀለምን ግን ይቆርጣል። የሚልከው የቀለም ዝርዝር ከብርሃኑ ዝርዝር ሩብ ነው። ካሜራውም በየብርሃኑ ቀለሙን በራሱ ይለዋውጣል። አረንጓዴው ማሾ ቢጫ መስሎ ታይቶ «ያረጀ ነው» ብትባሉ ማስረዳት ከባድ ነው። ናሙናውን በአካል ላኩ። እስኪደርስ በቀን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ የተነሳ ፎቶ ይበቃል፤ ፎቶውም በፋይል ይላክ።

ነጋዴው አሁንም ከወተወታችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። ቀብድ ሳትከፍሉ ሳጥኖቹን አራቱም ቢሮ ይትከልና ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእናንተው መስመር፣ ሙሉ ስብሰባችሁን ያካሂድ። እሺ ካለ ዕቃውን እዩለት። ስክሪኖች ካሉትና ዋጋቸው ተስማሚ ከሆነ እነሱን ብቻ ውሰዱ፤ ላፕቶፕ ተሰክቶባቸው ዛሬም ይሠራሉ።